ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ ፕሮሰሰሩን የያዘው ማን ነው?

ላፕቶፑ ምንም ሳይከፈትበት ፋኑ ሲጮህና ማውሱ ሲንቀራፈፍ፣ ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ አፕዴቱን ሁሉ እንደገና ያወርዳል፣ ፋይሎቹን ከዜሮ ተነሥቶ ኢንዴክስ ያደርጋል (ለፍለጋ እንዲመቹ ይመዘግባቸዋል)፣ ጸረ ቫይረሱ ዲፌንደርም ያገኘውን ሁሉ ይፈትሻል። ያስመረራችሁ ሥራ ከሀ ይጀምራል ማለት ነው።

እኛ አካባቢ ቅድሚያ የሚጠረጠረው ጅምር ሥራ ነው። አፕዴት እየተጫነ መብራት ይሄዳል፣ እየወረደ የስልኩ ዴታ ያልቃል፤ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ሰርቪሱ (ከጀርባ ሆኖ የሚሠራው ፕሮግራም) ያንኑ ሥራ ያነሣል፣ ሳይጨርስም ይዘጋበታል። ስለዚህ «የቱን ላጥፋ?» ከማለት «የቱ ነው ሥራውን ያልጨረሰው?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ሲፒዩ» (ፕሮሰሰር) የሚለውን ርእስ ስትነኩት ብዙ የሚበላው ከላይ ይሰለፋል። ታስክ ማናጀር ራሱ ሲከፈት ቁጥሩን ለጥቂት ሰከንድ ያንረዋልና ሁለት ሦስት ደቂቃ ታገሡት። «ዲቴይልስ» በሚለው ገጽ «ሲስተም አይድል ፕሮሰስ» 95 ቢል አትደንግጡ፤ ፕሮሰሰሩ 95 በመቶ ሥራ ፈት ነው ማለት ነው።

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ባለ 4 ሎጂካል ፕሮሰሰር ማሽን ላይ (ዊንዶውስ ለየብቻ ሥራ የሚሰጣቸው 4 ክፍሎች ባሉት) አንድ ሰርቪስ ሳይወጣ ሳይወርድ 25 በመቶ ገደማ ላይ ከቆመ፣ አንዱን ሙሉ በሙሉ ይዞ እየተሽከረከረ ነው፤ ባለ 8 ላይ ይህ 12 ወይም 13 ሆኖ ይታያል። ከፍ ዝቅ የሚል ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ እየገፋ ያለ ሥራ ነው፤ ተዉት ይጨርስ።

«ሰርቪስ ሆስት» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ቤቱ ነው እንጂ ነዋሪው አይደለም። ከጎኑ ያለችውን ቀስት ስትነኩ ነዋሪው ይታያል። ከዊንዶውስ 10 ቨርዥን 1703 ወዲህ፣ ራሙ ከ3.5 ጊጋባይት በላይ በሆነ ማሽን ሰርቪሶቹ በአብዛኛው እየብቻቸው ይኖራሉ። 2 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ማሽን ግን ብዙዎቹ አንድ ቤት ታጉረዋል፤ የተጠረጠሩትን «ሰርቪስስ» ከሚለው ገጽ አንድ በአንድ ሪስታርት እያደረጉ ቁጥሩ መቼ እንደሚወርድ ማየት ነው። «ሪሞት ፕሮሲጀር ኮል»ን ግን አትንኩ፤ ብዙዎቹ የተንጠለጠሉት በእሱ ላይ ነው።

ከላይ የተቀመጠው «ዊንዶውስ ሞጁልስ ኢንስቶለር ወርከር» ወይም «ዊንዶውስ አፕዴት» ከሆነ፣ ቻርጀሩን ሰክታችሁ፣ ስሊፕ እንዳይገባ አድርጋችሁ አንድ ሌሊት ተዉት። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) አትሞክሩት። በማግስቱም ካልለቀቀ «ዊንዶውስ አፕዴት»ንና «ባክግራውንድ ኢንተሊጀንት ትራንስፈር»ን ስቶፕ በሉ፤ ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ፣ ቀጥሎ ሶፍትዌር ዲስትሪቢዩሽን፣ ቀጥሎ ዳውንሎድ ግቡና ውስጡ ያለውን ብቻ አጥፍታችሁ ሁለቱንም መልሱ። ይህም ካልሠራ የዊንዶውሱ የራሱ ፋይል ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን የዊንዶውስ መጠገኛ ትእዛዞች፣ መጀመሪያ ዲስምን በ«ሪስቶር ሄልዝ»፣ ከዚያ ኤስኤፍሲን በ«ስካን ናው» አስኪዱ። ዲስም የጎደለውን ፋይል ከኢንተርኔት አምጥቶ ኤስኤፍሲ የሚጠግንበትን ክምችት ስለሚያድስ ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ።

በሆትስፖት የምትጠቀሙ ግንኙነቱን «ሚተርድ» (ዴታው የሚቆጠር) አድርጉት፤ አፕዴቱ በአብዛኛው አይወርድም፣ ዴታችሁም ይተርፋል። ሁልጊዜ እንደዚያው ከተዋችሁት ግን ማሽኑ ያለ ጥገና ይቀራልና በወር አንድ ቀን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ክፈቱለት።

«አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪዩቴብል» ዲፌንደር ነው፤ አታጥፉት። በየኮፒ ቤቱ የሚዞር ፍላሽ ባለበት አገር እሱን ማጥፋት በር ከፍቶ መተኛት ነው። የኢንዴክሱ ሰርቪስ ለቀናት ካልረጋ ከ«ኢንዴክሲንግ ኦፕሽንስ»፣ «አድቫንስድ» ውስጥ «ሪቢልድ» በሉት።

ብዙ ቴክኒሽያን የሚያልፈው «ደብሊውኤምአይ ፕሮቫይደር ሆስት»ን ነው። እሱ ስለ ማሽኑ ሁኔታ ለሚጠይቁ ፕሮግራሞች መልስ ሰጪ ነው፤ ጥፋቱ ያለው ሳያቋርጥ በሚጠይቀው ፕሮግራም ላይ ነው። ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ ከማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ደብሊውኤምአይ አክቲቪቲ ሥር «ኦፕሬሽናል»ን ክፈቱ። ቁጥር 5858 ያለው ስሕተት ላይ «ክላየንት ፕሮሰስ አይዲ» የሚል ቁጥር አለ፤ ያንን ቁጥር በታስክ ማናጀር ዲቴይልስ ገጽ ብትፈልጉት ጠያቂው ይወጣል። ብዙ ጊዜ የላፕቶፑ ወይም የፕሪንተሩ አምራች አብሮ የጫነው መከታተያ ነው፤ እሱን አራግፉ።

«ሲስተም ኢንተራፕትስ» (ከሃርድዌር የሚመጣ ጥሪ) ሳይወርድ ከ10 በመቶ በላይ ከቆየ ግን ሰርቪስ አትፈልጉ፤ በዩኤስቢ የተሰካውን አንድ በአንድ ንቀሉ፣ ከዚያ ድራይቨሩን (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) ተመልከቱ። ፋኑ እየጮኸ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ብቻ ዝም የሚል ከሆነም ከክራክ (ከተሰበረ ሶፍትዌር) ጋር የገባ ክሪፕቶ ማይነር (በእናንተ ማሽን ለሌላ ሰው ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት ፕሮግራም) ጠርጥሩ፤ አንዳንዶቹ ሲታዩ ይደበቃሉ። በዲፌንደር «ኦፍላይን ስካን» ፈትሹት።

በመጨረሻ «ፐርፎርማንስ» ገጽ ላይ «ስፒድ»ን (የአሁኑን ፍጥነት) ከ«ቤዝ ስፒድ» (ከመደበኛው ፍጥነት) ጋር አስተያዩ። ቤዙ 2.40 ጊጋኸርዝ ሆኖ ሥራ በበዛበት ሰዓት ስፒዱ 0.79 ላይ ከቀረ፣ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ታስሯል እንጂ ሥራ አልበዛበትም፤ ትንሹም ሰርቪስ ያጨናንቀዋል። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የሳሳው አየር ፋኑን ያደክሙታል፤ አቧራ ሲጨመርበት ይብሳል። ማስጠረግና ቴርማል ፔስቱን (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) ማስቀየር ነው። ሳይግል የሚታሰር ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ሞክሩት። አንዳንድ ላፕቶፕ ፎርጅድ ቻርጀር ሲሰካበት ዋቱን ማወቅ ስለማይችል ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ስትነቅሉት ስፒዱ ከወጣ ቻርጀሩን ቀይሩ።