ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ በዋዜማው ማታ ነው። ወለሉ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ እናቴ ለነገው ዶሮ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ከጳጉሜን መግቢያ ጀምሮ ደረጃችን ላይ ተኮልኩለው ሥዕል ሲሥሉ ሰንብተዋል። ነገ ገና ሲነጋ በር እያንኳኩ አደይ አበባውን፣ ባለ ክንፍ መልአኩን፣ ጅራቱ ወረቀቱ ያልበቃውን አውራ ዶሮ ያድሉናል፤ እኛም ሳንቲም እንሰጣቸዋለን። የመጀመሪያ ሥዕሌን የሸጥኩት እኔም በእንቁጣጣሽ ጠዋት ነው። ሥዕል የወንዶች፣ አበባየሆሽ የሴቶች በነበረበት ሰፈር ሁለቱንም አደርግ ነበር፤ እናቴም አልከለከለችኝም።

አምና ግን በሩ ሲንኳኳ አልከፈትኩም። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ እኔ ጋቢዬን እስከ ግንባሬ ስቤ ተኝቻለሁ። ልጆቹ አንኳኩ፣ ጠበቁ፣ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ኮቴያቸው ሲርቅ ሰማሁ፤ አንዱ ብቻ ቀረና ሥዕሉን በበሩ ሥር አሾልኮ ሄደ። ወረቀቱ ሲሚንቶው ላይ ሲንሸራተት ያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ተነስቼ ላነሳው ሦስት እርምጃ ቢሆነኝ ነው። አልቻልኩም።

የያዘኝ ድባቴ ነበር። ያኔ ስሙን አላውቀውም፤ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ብቻ ነበር የምለው። ቆይቶ ባር ባር ማለቱም ቀረ፤ ምንም የማይለኝ ጊዜ መጣ። እንባ የለም፣ ሳቅ የለም፣ እንጀራው አፌ ውስጥ ይደርቃል፣ ስልክ ሲጠራ ልቤ ይከዳኛል።

«ሠዓሊ ሲያዝን ነው ጥሩ የሚሥለው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህን አባባል አጥብቄ እቃወማለሁ። ብዙ ጊዜ ምሳሌ የሚያደርጉት ሆላንዳዊውን ሠዓሊ ቪንሰንት ቫን ጎግን ነው። ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በሜይ 1889 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ሳን ሬሚ ወደሚባል ከተማ ሄዶ የአእምሮ ሕሙማን ወደሚታከሙበት ቤት በገዛ ፈቃዱ ገባ፤ በዚያ በቆየበት አንድ ዓመትም 150 ያህል የቀለም ሥራዎች ሠራ። ነገር ግን ሕመሙ ሲነሳበት አብዛኛውን ጊዜ ብሩሽ መያዝ አይሆንለትም ነበር፤ የሠራው ፋታ ባገኘበት ጊዜ ነው። የእኔም ነገር እንዲሁ ነው። መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር አንዲት መስመር አላሠመርኩም። ሥዕል የጀመርኩት እህቴ እጄን ይዛ ሐኪም ዘንድ ከወሰደችኝና መድኃኒቱ ትንሽ መተንፈሻ ከሰጠኝ በኋላ ነው።

የታኅሣሥ መጨረሻ ነበር። እናቴ ያለፈ ወር ወረቀት አትጥልም፤ ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ገንጥላ ለዕቃ መደርደሪያ ታነጥፈዋለች። የታኅሣሥን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጀርባውን ገልብጣ ትታው ነበር፤ ነጭ ነው። ቡና ተፈልቶ አልቋል። ከማንደጃው ጥግ የጠፋች አንዲት ከሰል አነሳሁና ሣልኩ። የወረቀቱ ገጽ ልሙጥ ስለሆነ ከሰሉን አይዝም፤ ግማሹ ይረግፋል፣ ግማሹ በእጄ ይታበሳል። ጠንካራው የከሰሉ ጫፍ ደግሞ ወረቀቱን ይጭረዋል። የወጣው ሥዕል ጋቢ ነበር። አልጋውን ሞልቶ የተቆለለ፣ እጥፋቱ ገደል የሚመስል ጋቢ፤ ከሥሩ አንድ እግር ብቻ ወጥቶ ይታያል።

ከዚያ በኋላ የሠራኋቸው ሁሉ ከዚያ ጋቢ አይወጡም። የጥር አለ፣ የየካቲት አለ። የመጋቢቱ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ወረቀቱ ተቀዷል፤ እንደገና የወደቅኩበት ወር ነበር። በሚያዝያ ሁለት ሣልኩ፣ በግንቦት ምንም።

የታኅሣሡን ያየችው እናቴ ናት። መደርደሪያው ላይ ልታነጥፈው አንስታ ገለበጠችው። እስከዚያን ቀን በየጠዋቱ «እንዴት አደርሽ?» ስትለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላታለሁ፤ በዚያው በሩ ይዘጋል። እርሷም «ተነሺ፣ ውጪ፣ ከሰው ተቀላቀዪ» ትለኛለች፤ ሌላ ምን ትበል? ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ተጠጋች። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይህ ጋቢ ይከብዳል» አለች። ቆይታም «እንዲህ ነው የሚያደርግሽ፣ የእኔ ልጅ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ «ተነሺ» ብላኝ አታውቅም። ስኒዋን ይዛ መጥታ አልጋዬ ግርጌ ትቀመጣለች፤ አንዳንዴ አንድም ቃል ሳንለዋወጥ ይመሻል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 280 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ ሕመም እንደሚኖር ገምቶ ነበር። ይህን ቁጥር ተኝቼ ሳነብ ብቸኝነቴ በጥቂቱም አልቀነሰም ነበር። የእናቴ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ቀነሰው።

ለሞተ ሰው ሙሾ አለን፤ ድንኳን ይጣላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል፣ እድርተኛ ያድራል። ወፍጮ ላይ ለምታንጎራጉር ሴት እንጉርጉሮ አለላት። ድባቴ ግን ለቀስተኛ የለውም። «ሆድ ይፍጀው» እንባባላለን። ሆድ አይፈጀውም፤ እኔ አይቼዋለሁ፣ እርሱ ነው ሆድን የሚፈጀው። ወረቀት ላይ ሲወጣ ቢያንስ ሌላ ሰው አጠገቡ ቆሞ ሊያየው ይችላል።

በዚህ ዓመት ደጋግሜ ያሰብኩት አንድ ነገር አለ። ደብተራዎቻችን ለታመመ ሰው ብራና ላይ የሚያዘጋጁት ጥቅል ክታብ ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው በታማሚው ቁመት ልክ ነበር፤ ከራሱ እስከ እግሩ እንዲጠብቀው። በጸሎቱ መካከል ስሙ ይጻፋል፤ በሐረጉ መሐል ዐይናቸው የፈጠጠ ፊቶች ይሣላሉ። ክታብ ያድናል ብዬ አላምንም፤ ልኩ ግን ያስደንቀኛል። አንድ ሰው መጥቶ የታመመውን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ይለካል፤ ሥዕሉም በእርሱ ልክ ይሠራል።

በዚህ በዓል ቤታችሁ በሰው ተሞልቶ ልባችሁ ያልሞላ፣ በባዕድ አገር በሰው ቤት ሆናችሁ በዓሉን በስልክ የምታከብሩ፣ ነገ ጠዋት በር ሲንኳኳ ለመነሳት አቅም የምታጡ፣ ይህ መልእክት ከሁሉም በፊት ለእናንተ ነው። በመነሳት ፈንታ ብትተኙም እንኳን አደረሳችሁ። ሥዕል አልችልም አትበሉ፤ እስክሪብቶና የደረሰኝ ጀርባ ይበቃል፤ ቆንጆ መሆንም የለበትም። ስትጨርሱ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ብቻ አሳዩት። ሐኪማችሁን አትተዉ፣ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ። እኔም አሁንም እወስዳለሁ።

ባለፈው ሳምንት የጋቢዎቹን ሥዕሎች ከመደርደሪያው ሰብስቤ ግድግዳው ላይ ለጠፍኳቸው። ከመካከላቸው በበሩ ሥር የገባችውን የአምናዋን ወረቀት አድርጌያለሁ፤ እናቴ አንስታ በመጽሐፍ ውስጥ አስቀምጣልኝ ነበር። ቢጫ አደይ አበባ ናት፤ ግንዱ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ተጀምሮ ቀለሙ ሲያልቅ በሰማያዊ የተጨረሰ። ጥጉ ላይ የሣላት ልጅ ስም አለ። ነገ ሲያንኳኳ የአምናውንም የዘንድሮውንም አብሬ እከፍለዋለሁ፤ ሳንቲሙን ከአሁኑ በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ።