ሎከር ውስጥ የገቡ መጽሐፎች

እኛ ጋ መጽሐፍ አይታገድም፣ ይቆለፍበታል እንጂ። ድሬ አንድ ት/ቤት ላይብረሪ ውስጥ ነው የምሰራው (ስሙን ተዉት) እና ከካውንተሩ ጀርባ አንድ የብረት ሎከር አለ፣ ውስጡ የተገነጣጠለ ዲክሽነሪ፣ የጠመኔ ካርቶን፣ ያልታደለ የተማሪ መጽሐፍ ምናምን አለ፣ ከነዛ ስር ደግሞ "ለጊዜው ይቆይ" የተባሉ መጽሐፎች። ማን ይቆይ አለ? መቼ? ለምን? የተጻፈ ነገር የለም። አንዱ አስተማሪ ቅር ብሎት ይሆናል፣ አንዱ ሱፐርቫይዘር ሽፋኑን አይቶ "ይሄ ነገር እንዳያጣላን" ብሎ ይሆናል፣ ሰውየው ከተቀየረ በኋላም መጽሐፉ እዛው ነው ያለው።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ደርግ'ኮ ቢያንስ ሲያግድ ማን እንዳገደ ይታወቃል። ኦሮማይ በ1975 ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ደራሲው በዓሉ ግርማም የካቲት 1976 እንደወጣ ሲቀር ሰው ጣቱን ወዴት እንደሚቀስር ያውቅ ነበር፣ ጮክ ብሎ ባይናገርም። የኛ ሎከር ግን ባለቤት የለውም፣ ስለዚ አቤት የሚባልበትም የለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ቅድመ ምርመራ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ ነው ይላል፣ ጥሩ ነው፣ ግን "ይቆይ" የምትለዋን ቃል ማን ቅድመ ምርመራ ይላታል።

ድሬ ደግሞ ጥያቄ አያልቅባትም አቦ። አንድ ክፍል ውስጥ የቀፊራ ልጅ፣ የሳቢያን ልጅ፣ የገንደ ቆሬ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ተጣበው ይቀመጣሉ፣ ቤታቸው የሰሙት ታሪክ ግን አንድ አይደለም። በጣም የሚጠየቀው ምን መሰላችሁ፣ ኢማም አህመድ። "ቲቸር ስለ ኢማም አህመድ መጽሐፍ አለ?" ትለኛለች አንዷ፣ ከኋላዋ የቆመው "ግራኝ ማለትሽ ነው?" ይላታል፣ አለቀ፣ ላይብረሪው ጠቡን ጀመረ። ሐረር 50 ኪሎሜትር ገደማ ናት'ኮ፣ ሰውየው የተነሳበት ከተማ፣ ለአንዱ ቤት ጀግና ነው ለአንዱ ቤት ቤተክርስቲያን ያቃጠለ። አንዳንድ ባልደረባ "እንደዚ አይነቱን አትስጪያቸው፣ ያጣላል" ይለኛል። እኔ ደግሞ ሁለት ነው የምሰጠው።

እንዴት መሰላችሁ፣ የኢማሙን ጦርነቶች፣ የሽምብራ ኩሬውን (1521) ጨምሮ፣ በኢማሙ ወገን ሆኖ የጻፈው አረብ ፈቂህ ነው፣ ፉቱህ አል ሀበሻ የሚባለው፣ በሌላው ወገን ከዛ በኋላ ስላለው ጊዜ የአጼ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕል አለ፣ ከፖርቱጋሎቹም ከነ ክሪስቶቮ ዳጋማ ጋር የመጣው ካስታኞዞ ያየውን ጽፎ ሄዷል። እኛ ጋ ዋናዎቹ የሉም፣ ግን ከነሱ እየጠቀሱ የተጻፉ መጽሐፎች አሉ፣ በላይብረሪ የመጽሐፍ መደብ ቁጥር (ዴዊ የሚባለው) 963 ላይ፣ የኢትዮጵያ ታሪክ ሼልፍ ነው። አንዱን ለብቻው ከሰጠኋት ያንኑ ይዛ ክፍል ገብታ ትጣላለች፣ ሁለቱን ከሰጠኋት ቢያንስ "ማን ነው የጻፈው፣ የማን ወገን ነበር" ብላ ትጠይቃለች። የጨለንቆም እንደዛው ነው፣ 1879 ላይ ምኒልክ አሚር አብዱላሂን ያሸነፉበት፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ የሚወራውና የመማሪያ መጽሐፉ የሚያወራው ለየቅል ነው።

ወላጅ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ አባት መጡ፣ ከሰዓት፣ ሙቀቱ ቬንትሌተሩን ራሱን ያደከመበት ሰዓት፣ መጽሐፉን ካውንተሩ ላይ ጣል አደረጉትና "ይሄን ለልጅ ይሰጣል?" አሉኝ። ቁጭ ይበሉ አባባ አልኳቸው፣ ውሃ ሰጠኋቸው፣ ከዛ "የትኛው ገጽ ነው ያስቀየመዎት?" አልኩ። "ሽፋኑ ይበቃኛል" አሉ። እሺ፣ ማውጫውን አብረን እንየው አልኳቸውና መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አንድ ምዕራፍ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፣ መሀል ላይ "ይሄስ ልክ ነው" አሉ፣ ቆይተው "ይሄ ግን ውሸት ነው!" ብለው ካውንተሩን መቱት። አልተስማሙም፣ ተቆጥተው ነው የሄዱት። ግን ሲወጡ "ለኔ ልጅ አትስጪ፣ የሰው ልጅ የራሱ አባት አለው" አሉኝ። ወላሂ እኔ ከዚ በላይ አልፈልግም። የሳቸው ልጅ ካርድ ላይ ጻፍኩ፣ መጽሐፉ ሼልፉ ላይ ተመለሰ።

እንዳትሳሳቱ፣ እኔ የመጣልኝን ሁሉ አልደረድርም። በካርቶን በካርቶን ስጦታ ይመጣል፣ የዚኛው ሃይማኖት ትራክት፣ የዛኛው መልስ፣ ሁለቱም እርስ በርስ መሳደብ ብቻ ነው ሥራቸው፣ ቦታ የለኝም፣ እመልሳለሁ። "ታዲያ አንቺም ሳንሱር ነሽ" ያለኝ አስተማሪ አለ። ሌስተር አሺም የሚባል አሜሪካዊ የላይብረሪ መምህር በ1953 እ.ኤ.አ. ይሄን ነገር ጽፎበታል፣ መራጩ መጽሐፉን የሚያስገባበት ምክንያት ይፈልጋል፣ ከልካዩ ደግሞ የሚያስወጣበትን። ለኔ ይሄ በቂ ነው። ስለ ሃይማኖት የሚያስተምር መጽሐፍ 200ዎቹ ላይ ከሁሉም ወገን አለኝ፣ ስድብ ግን ምን ያስተምራል።

እነሱ አገር ራሱ ጠቡ አላለቀም። ኒውዮርክ ውስጥ አይላንድ ትሪስ የሚባል የትምህርት ቦርድ 1976 እ.ኤ.አ. መጽሐፎች ከላይብረሪ አስወጣ፣ ስቲቨን ፒኮ የሚባል ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ከሰሰ፣ 1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ደረሰ፣ ዳኞቹ ራሳቸው ተከፋፍለው ወሰኑ፣ የተማሪዎቹ ወገን ግን ረታ። ተማሪ ቦርዱን ሲከስ! እኛ ጋ ተማሪ ምክትል ዳይሬክተሩን "ሎከሩን ይክፈቱልን" ሲል አስቡት እስቲ።

ከነሱ የሰረቅኩት ነገር ቢኖር ፎርሙን ነው። ቅሬታ ያለው ሰው ስሙን ይጽፋል፣ መጽሐፉን ሙሉውን ማንበቡን ወይ አለማንበቡን ይጽፋል፣ ያላስደሰተውን ገጽ ይጠቅሳል፣ በምትኩ ምን ይነበብ እንደሚል ይጽፋል፣ ውሳኔ እስኪሰጥ መጽሐፉ ሼልፉ ላይ ይቆያል። አንድ ገጽ ነው፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አስተርጉሜ ለዳይሬክተሩ አስገባሁ። ፎርም ሙላ ሲባል ግማሹ ሰው ቅሬታውን ይተዋል፣ እሱን አውቃለሁ፣ የቀረው ግማሽ ግን የምር ነገር ያለው ነውና ቁጭ ብለን እናወራለን። ዳይሬክተሩ አየውና "ከፈተና በኋላ እናየዋለን" ብሎ መሳቢያው ውስጥ አስገባው፣ እሱም ቁልፍ አለው።