ዋንዛው ላይ የከዳኝ ዘለበት

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። አዘዞ፣ ከወላጆቼ ግቢ ጀርባ ያለችው ዋንዛ ላይ ቀፎ ልሰቅል ወጥቻለሁ። ከመሬት አራት ሜትር ያህል ርቄ፣ ግራ እግሬን ግንዱ ላይ በቀበቶ ባሰርኳት እርከን ላይ አሳርፌ ቀኙን ላነሳ ስል «ጭርር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀበቶ በብረት መሃል ሲሾልክ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ወዲያው እርከኗ ከእግሬ ሥር ጠፋች።

መሬት አልደረስኩም። ወገቤን ከግንዱ ጋር ያዞርኩት ገመድ አንዲት የተቆረጠች ቅርንጫፍ ጉቶ ላይ ተሰክቶ ያዘኝ። ክንዴ ከክርኔ እስከ አንጓዬ ተላጠ። ታች ሆኖ የቀፎውን ገመድ የያዘው የእህቴ ልጅ «ጋሼ!» ብሎ ጮኸ። ሮጦ መሰላል አምጥቶ እስኪያቆምልኝ ድረስ ግንዱን አቅፌ ቆየሁ። ያቺ ጉቶ ባትኖር ኖሮ ቅርፊቱን እየታከክሁ እስከ ታች እወርድ ነበር። የወገብ ገመድ ብቻውን ሰው አያድንም፤ ግንዱ ለስላሳ ከሆነ አብሮ ይንሸራተታል። ይህን ያወቅኩት እዚያው ተንጠልጥዬ ነው።

ቀፎ ዛፍ ላይ የምንሰቅለው ለንብ መንጋ ነው። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባው ሲፈነዳ ንቡ ይበዛል፤ መንጋው ተከፍሎ አዲስ ቤት ፍለጋ ይወጣል። በደንብ የታጠነ ባዶ ቀፎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ካገኘ ይገባል። ስለዚህ ሥራው ከመስከረም በፊት ማለቅ አለበት። ያ ማለት ደግሞ በዝናብ፣ እርጥብ ግንድ ላይ መውጣት ማለት ነው።

ዕቃውን ያመጣልኝ አሜሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ነው። እዚያ አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች ዛፍ ላይ ሆነው የሚጠብቁበት ዕቃ ነው። «ሳድል» ይሉታል፣ ኮርቻ ማለት ነው። ዳሌን የሚይዝ ሰፊ መቀመጫ አለው። ወገብን ከግንድ የሚያዞር ገመድ አለው። ከራስ በላይ ግንዱ ላይ የሚታሰር ሌላ ገመድም አለው። ከዚያ እግር የሚያርፍባቸው አራት የአሉሚኒየም እርከኖች አሉ። እያንዳንዷ እርከን ግንዱን የምትይዘው በአንድ ቀበቶና በአንድ ዘለበት ብቻ ነው። እኔ አላድንም፤ ለቀፎ ሥራ ግን እንደተሠራልኝ ሆኖ ተሰማኝ። ልጅ እያለሁ ዛፍ መውጣት ማንም አይቀድመኝም ነበር። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ዕቃውን ሳልመረምር ያመንኩት።

በማግስቱ ዘለበቷን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አየኋት። አሠራሯ ቀላል ነው። ጥርስ ያላት አንዲት ምላስ አለች፤ ከኋላዋ ሞላ ይገፋታል። ቀበቶው በምላሷና በታችኛው ብረት መሃል ያልፋል። ክብደት ሲጎትተው ምላሷ ይበልጥ ትዞርና ትነክሰዋለች። ለመፍታት ምላሷን በአውራ ጣት መጫን ነው። ቋጠሮ የለም። የሚይዘው ንክሻና ሰበቃ ብቻ ነው።

ትልቁ ጥፋት የእኔው ነበር። አብሮ የመጣው ቀበቶ ጫፉ ስለተተረተረ አውጥቼ ቅዳሜ ገበያ በገዛሁት የጭነት ማሰሪያ ተክቼው ነበር። ስፋቱ ልክ ነው። ውፍረቱን ግን አልለካሁም። ሁለቱን በጣቶቼ መሃል ሳሻሻቸው ልዩነቱ ወዲያው ታወቀኝ፤ አዲሱ ሳሳ ያለና የሚያሙለጨልጭ ነው። የምላሷ ጥርስ የተሠራው ለወፍራሙ ነው። ቀጭኑን ደረቅ ሳለ ይዞታል፣ ዝናብ ሲመታው ለቀቀው።

በዚያ ላይ ሰም ነበረበት። ያንኑ ዕቃ ማር ስቆርጥ ተጠቅሜበታለሁ። ምላሷ ሥር ሰምና ጭቃ ተጋግሮ ደርቋል። ጫን ብዬ ስለቅቃት ሙሉ በሙሉ አልተመለሰችም፤ የስንዴ ፍሬ የምታህል ክፍተት ቀረች። ሞላው ደህና ነው፣ ቆሻሻው ነው ያገደው። አወጣጤም አግዟታል። እርከኗን ከሰቀልኩ በኋላ ወደ ታች በኃይል ጎትቼ ግንዱን እንድትነክስ አላደረግሁም። ጫፏ ላይ ስቆም ዞረች፣ ቀበቶው ለአፍታ ላላ፣ ምላሷም በዚያች አፍታ ለቀቀች።

ዘለበቷን ለጎረቤታችን አባባ አሳየኋቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀፎ የሰቀሉት በጠፍር ነው። አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይቺ በጣት የምትፈታ ከሆነች በጉጥም ትፈታለች» አሉኝ። አልገባኝም ነበር። ከሰዓት በኋላ መሰላል ይዤ ዛፉ ላይ የቀሩትን እርከኖች ሳይ ገባኝ። የአንዷ ምላስ ወደ ግንዱ ዞራ አንድ ጉጥ ላይ ተደግፋለች። ትንሽ ብትወዛወዝ ጉጡ እንደ አውራ ጣት ይጫናታል። ያን ዕለት እኔ ሳላውቀው የምወድቅባቸው ቦታዎች ሁለት ነበሩ ማለት ነው።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ዘለበቷ ከግንዱ ጎን፣ ምላሷ ወደ ውጭ ሆና ትቀመጣለች። ካጠበቅሁ በኋላ ትርፉን ጫፍ በተወጠረው ቀበቶ ላይ፣ ዘለበቷ ሥር ሁለት ጊዜ ቋጥሬ አስረዋለሁ። ምላሷ ብትለቅ እንኳ ቋጠሮው ዘለበቷ ላይ ይቆማል። የመጀመሪያዋን እርከን ጉልበቴ ልክ ላይ አስሬ ሁለት ሦስት ጊዜ እረግጣታለሁ፣ ጫፏም ላይ እቆማለሁ። እዚያ ብትከዳኝ መሬት ላይ ነኝ። የተተረተረ ቀበቶ የሚተካው በዚያው ዓይነትና በዚያው ውፍረት ነው፤ ካላገኘሁ እርከኗን አልጠቀምባትም። ዘለበቶቹን በሞቀ ውሃና በጥርስ ብሩሽ አጥባለሁ። ዘይት አልቀባም፤ ወደ ቀበቶው ይሄድና ያንሸራትተዋል።

ሰውነቴን የሚይዝ ነገር ግን በዚህ ዓይነት ዘለበት አይታሰርም። የጭነት ማሰሪያ የተሠራው ተኝቶ ለሚጓዝ ዕቃ ነው። መለያው ላይ የሚጻፈው የሥራ ጭነት፣ ማለትም እንዲሸከም የተፈቀደለት ክብደት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሚበጥሰው ክብደት አንድ ሦስተኛ ነው፤ እሱም ለተረጋጋ ክብደት እንጂ ለሚወድቅ ሰው አይደለም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሜትር ወድቆ በማይለጠጥ ቀበቶ በድንገት ሲያዝ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከራሴ በላይ የሚታሰረው ገመድ በቋጠሮ ነው የሚታሰረው፣ ከመሬት ተነስቼ እስክመለስም አይፈታም። ቅርንጫፍ ማለፍ ካለብኝ መጀመሪያ ሁለተኛውን አስራለሁ፣ ከዚያ አንደኛውን እፈታለሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ይውሰድ።

ባሕር ዛፍ ላይ ደግሞ መውጣት ትቻለሁ። ቅርፊቱ እየተላጠ ስለሚወርድ ዘለበቷ ደህና ብትሆንም ቀበቶው ራሱ ከነቅርፊቱ ይንሸራተታል። ቀበቶም ክረምቱን ሙሉ ዛፍ ላይ አልተውም። ፀሐይና ዝናብ ክሩን ይበላዋል። ዛፉም ይወፍራል፣ ማሰሪያው ቅርፊቱን ይቆርጠዋል።

ጳጉሜን 3 ያችኑ ዋንዛ እንደገና ወጣሁ። ያካፋ ነበር። የእህቴ ልጅ ታች ሆኖ በየእርከኑ ይጠይቀኛል።

«ጫፉ ታስሯል?»

«ታስሯል።»

«ምላሷስ ወዴት ነው?»

«ወደ ውጭ።»

«የላይኛው ገመድስ፣ ጋሼ?»

«ታስሯል።»

አራተኛዋ እርከን ላይ ስደርስ ቀፎውን በገመድ ሳበልኝ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ መንጋው ገባበት።