የባለ መስመር ሹራብ ዳር ቀጥ አለልኝ

ባለ ሁለት ቀለም ስካርፌን ጨረስኩ፤ ሁለቱም ዳሮች ቀጥ ብለዋል፣ በጣም ደስ ብሎኛል! የቀኙ ዳር ደጋግሞ ስላስተረተረኝ መፍትሔውን ላካፍላችሁ። አጀማመሩንና የፊትና የጀርባ ረድፍ አሠራሩን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልፈዋለሁ።

በየሁለት ረድፉ ቀለም ስቀይር የግራው ዳር እንደ ሰንሰለት ተስተካክሎ ይወጣል። በቀኙ በኩል ግን ነጩ ሰማያዊው ውስጥ ዘልቆ ይገባል፣ አጠገቡም ቀዳዳ ይታያል። መጀመሪያ ክሩን ጠረጠርኩ፣ ከዚያ መርፌውን። ነገሩ ያለው ግን «የእያንዳንዱን ረድፍ የመጀመሪያ ቀለበት ሳትሠሩ አሳልፉት»፣ ማለትም ከግራው መርፌ ወደ ቀኙ እንዳለ አዛውሩት፣ የሚለው ምክር ላይ ነው። ለአንድ ቀለም ሥራ ግሩም ምክር ነው፤ ለባለ መስመር ግን አይሆንም። ቀለም ስንቀይር ሳይሠራ የሚያልፈው ቀለበት የቀድሞው ቀለም ስለሆነ አዲሱ መስመር ውስጥ ተለጥጦ ይቀራል። አዲሱም ክር ከሁለተኛው ቀለበት ስለሚጀምር ዳሩን የሚይዘው ነገር የለም።

ስለዚህ ቀለም በሚቀየርበት ረድፍ የመጀመሪያውን ቀለበት በአዲሱ ክር ሥሩት። ስድስት ረድፍ ለሚሄድ ሰፊ መስመር ይህ ይበቃል። የሁለት ረድፍ መስመር ከሆነ ግን የፊት ረድፍ ሁሉ ቀለም መቀየሪያ ስለሚሆን፣ ግራው እየታለፈ ቀኙ እየተሠራ ዳሮቹ ሁለት መልክ ይይዛሉ። እኔ ማሳለፉን ከሁለቱም በኩል ትቼ፣ የዳር ዳሩን ቀለበት በፊትም በጀርባም ረድፍ ላይ በፊት ረድፍ አሠራር እሠራዋለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው፣ ተራው እስኪደርስ ሳይቆረጥ በዳር ወደ ላይ የሚወጣው ክር ነው። ከጠበቀ ዳሩን ይሸበሽበዋል፣ ከላላ ተንጠልጥሎ ጣት ይይዛል። አዲሱን ክር አንስቼ ቀለበቱን ከመሥራቴ በፊት ዳሩን በሁለት ጣት ይዤ ቁልቁል እስከ መጨረሻው እለጥጠዋለሁ፤ ክሩ የሚያስፈልገውን ያህል ራሱ ይስባል። አዲሱን ሁልጊዜ ከአሮጌው ሥር ነው የማነሳው፤ አንዴ ከሥር አንዴ ከላይ ከሆነ ዳሩ ይዥጎረጎራል። የላላውን በኋላም በመርፌ ጫፍ እየሳቡ ትርፉን ማዳረስ ይቻላል። የጠበቀውን ግን ተርትሩት። «ሲታጠብና ተወጥሮ ሲደርቅ ይስተካከላል» የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም፣ ያጠረ ክር በውሃ አይረዝምም። በኪሮሽ ዙሪያውን ከቦ መሸፈንንም አልወደውም፤ የተሸበሸበው ከሥሩ እንደተሸበሸበ ነው።

የቀለበት ቁጥር ከጨመረባችሁ ደግሞ የረድፉን መነሻ እዩ። ክሩ በመርፌው ላይ ዞሮ ወደ ኋላ ከተሳበ የመጀመሪያው ቀለበት ሁለቱ እግሮቹ ወደ ላይ ወጥተው ሁለት ቀለበት ይመስላሉ፣ ሁለቱም ይሠራሉ። ክሩን ከመርፌው በታች አውርዳችሁ ጀምሩ።

በየመስመሩ ክር ቆርጦ ጫፍ መደበቅን ለጠባብ መስመር አልመክርም፤ መስመሩ በጣም ሲሰፋ ግን እኔም እቆርጣለሁ፣ የት ላይ ማቆም እንዳለብኝ ገና አልወሰንኩም። አሁን የጀመርኩት ሦስት ቀለም በየአንድ ረድፉ የሚፈራረቅበት ሥራ ነው። ሦስት ሲሆኑ ተረኛው ክር ሁልጊዜ ረድፉ በሚጀመርበት ዳር ስለሚገኝ መቁረጥ የለም፤ የሚወጣው ክር ግን በሁለቱም ዳር ስለሆነ መለጠጡም በሁለቱም በኩል ነው።