«ዲዛይን ቢልድ ነው፣ ቫሪዬሽን የለም» ያልነው ጊዜ

ሀዋሳ ላይ በክላይንት (በአሰሪው) በኩል ኢንጂነር ሆኜ ስሰራ የገጠመኝ ነው። ጂ+4 የመንግስት ህንፃ፣ ቦታው ወደ ሀይቁ ጠጋ ያለ። ከዛ በፊት የነበረን ሳይት ዲዛይኑን ኮንሰልታንት ሰርቶ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ኮንትራክተር ከገባ በኋላ በቫሪዬሽን (የስራ ለውጥና የተጨማሪ ክፍያ ጥያቄ) ደብዳቤ ናላችን ዞሮ ስለነበር አለቃዬ ይሄኛው ዲዛይን ቢልድ፣ ማለትም ዲዛይኑንም ግንባታውንም ኮንትራክተሩ የሚሰራበት ይሁን አለ። «ዲዛይኑም ግንባታውም የራሱ ነው፣ ምን ብሎ ብር ይጠይቀናል?» ገንዘቡ የውጭ ብድር ስለሆነ ውሉ ቢጫው ፊዲክ ነበር (ፊዲክ የዓለም አቀፉ የአማካሪ ኢንጂነሮች ፌዴሬሽን የሚያወጣው፣ በሽፋኑ ቀለም የሚለይ መደበኛ ውል ነው፣ ቢጫው ለዲዛይን ቢልድ ነው)፣ የ1999ኙ በፈረንጅ፣ እውነቱን ለመናገር ከኛ ውስጥ ጨርሶ ያነበበው የለም፣ እኔም ጭምር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቁፋሮ ተጀመረ። ሁለት ሜትር ከምናምን ላይ ኤክስካቫተሩ ቆመና ኦፕሬተሩ አንገቱን አውጥቶ «ኢንጂነር፣ ውሃ ነው!» አለኝ። ወርጄ ብረግጠው ቦቲዬ እንደ ገንፎ ሰመጠ። ፓምፕ አስገቡ፣ ሌሊቱን ሲስብ ያድራል፣ ጠዋት ስንመጣ ውሃው እዛው ነው። እኛ የሰጠናቸው የአፈር ምርመራ ግን ውሃ 5 ሜትር ላይ ነው ይላል፣ ለካ ለምርመራው የተቆፈረው በበጋ፣ ጥር ላይ ነው። ጥበቃው ጋሼ ሳቁብኝ፣ «ልጄ፣ እዚህ ክረምት እንቁራሪቱ አያስተኛም እኮ፣ ማን ጠየቀኝ?»

አለቃዬ «የራሱ ጉዳይ» ብሎ ዘና አለ። እኔ ማታ ውሉን ከፈትኩ። አንቀጽ 4.12 ላይ ልምድ ያለው ኮንትራክተር አስቀድሞ ሊገምተው የማይችል የመሬት ሁኔታ ከገጠመው ጊዜና ወጪ ይገባዋል ይላል፣ ትርፍ ብቻ ነው የማይጨመርለት። ዲዛይኑ ከአሰሪው ለሚመጣ ስራ የሆነው ቀዩም ላይ ያው ነው፣ ይሄን ሪስክ ጠቅልሎ ኮንትራክተሩ ላይ የሚጭነው ሲልቨሩ (ሁሉን ሰርቶ ቁልፍ ለሚያስረክብ የሚሆነው) ነው! በ28 ቀን ውስጥ ኖቲስ (የጽሁፍ ማሳወቂያ) ካልሰጠ መብቱ ይወድቃል ስለሚል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። በ9ኛው ቀን ደብዳቤው መጣ።

ሀይቅ ዳር መሆኑን እያየ እንዴት አልገመተም ብለን ተከራከርን፣ ግን የገዛ ሪፖርታችንን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋው ምን ይባላል? ጊዜውን ሙሉ፣ ወጪውን በድርድር ከፈልን።

አሁን እኔ ቴስት ፒት (የአፈር መመርመሪያ ጉድጓድ) ክረምት ካልተቆፈረ አልፈርምም፣ አለቃዬ ደግሞ አዲስ ውል በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ቀለሙ ምንድነው?» ብሎ ነው።