የአባቷ ስም የጠፋባት ሴት

ዛሬ ከአማቴ ጋር ከአምኸርስት ፍርድ ቤት ስንመለስ መሽቶ ነበር። አማቴ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት የቀራቸው፣ የአሜሪካዋ የቨርጂኒያ ግዛት ሴት ናቸው፤ ከእናታቸው በወረሱት ደብተር ላይ በታይ ወንዝ ዳር ያርሱ የነበሩት ቅድመ አያቶቻቸው በተርታ ሰፍረዋል። ወንዶቹ ከነአባቶቻቸው ተጽፈዋል፤ ከሚስቶቹ አንዷ ግን ያላት የመጠሪያ ስሟ ብቻ ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነች የሚያውቅ የለም። እኔ ሳገባ የአባቴን ስም እንደያዝኩ ነው፤ ሰባት ቤት ቁጠሪ ብባልም በእናቴ ወገን ጭምር እቆጥራለሁ። እዚህ አገር ግን ሴት ስታገባ የባሏን ስም ስለምትወስድ፣ የአባቷ ቤት በሁለት ትውልድ ውስጥ ከነጭራሹ ይሰወራል። ልጆቼም የዚህች ሴት ዘር ናቸውና ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኝ ከርሟል።

ሁለት ወር ሙሉ የጋብቻዋን መዝገብ ስንፈልግ የኖርነው እርሻው ዛሬ ባለበት በኔልሰን ካውንቲ (ወረዳ እንደማለት ነው) ነበር። ስህተታችን እዚያ ላይ ነው። ኔልሰን ከአምኸርስት ተከፍሎ ራሱን የቻለው በ1807 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው፤ አምኸርስት ደግሞ በ1761 ከአልበማርል፣ አልበማርል በ1744 ከጉችላንድ የወጡ ናቸው። ስለዚህ ከቀዬው ንቅንቅ ያላለ ገበሬ እንኳ ልጁን በአንዱ ካውንቲ አጋብቶ፣ መሬቱን በሌላው ሊሸጥ ይችላል።

ፍንጩን የሰጠን በኔልሰን ያገኘነው የ1809 የመሬት ሽያጭ ውል ነው። ወሰኑ ከወንዙ ዳር ካለ ነጭ የኦክ ዛፍ ይነሣና፣ አንዱ 16 ጫማ ተኩል በሆነው ፖል በሚሉት መለኪያ እየተቆጠረ፣ ከድንጋይ ወደ ጅረት፣ ከጅረት ወደ ሌላ ዛፍ ይሄዳል፤ በየአቅጣጫውም አዋሳኙ በስም ይጠራል። ከውሉ ግርጌ ዳኞቹ ሚስቲቱን ከባሏ ለይተው ለብቻዋ እንደጠየቋትና በፈቃዷ መስማማቷን እንደተናገረች ተጽፏል። ባሏ ቢሞት ከመሬቱ ሲሶውን በሕይወት እስካለች የመጠቀም መብት ስለነበራት፣ እሷ ሳትፈቅድ የተሸጠ መሬት ለገዢው ስጋት ነበረው። ያቺ የደብተሩ ሴት ናት። ስሟን መጻፍ ባለመቻሏ የመስቀል ምልክት አድርጋለች፤ በመዝገቡ ላይ ጸሐፊው የምልክቱን ግራና ቀኝ በስሟ ሞልቶታል። በዚያች ትንሽ መስቀል ላይ ዓይኔ ብዙ ቆየ።

በዚያው መዝገብ ውስጥ በባርነት የተያዙ ሰዎች ከበሬና ከአልጋ ጋር በስማቸው ተዘርዝረው የተሸጡበት ገጽም አለ። ለእነርሱ ጋብቻ የዚያን ጊዜው ሕግ ዕውቅና ስለማይሰጥ የጋብቻ ሰነድ አይፈለግላቸውም፤ የልጅ ልጆቻቸው አያቶቻቸውን የሚያገኙት እንዲህ ባለ የሽያጭ መስመር ላይ ነው። አማቴ ገጹን ሁለት ጊዜ አነበቡና፣ ስሞቹን በሌላ ወረቀት እንድገለብጥላቸው ጠየቁኝ። የገለበጥኩት እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ዛሬ በአምኸርስት የ1803ን የጋብቻ ዋስትና ሰነድ ቅጂ አገኘን። ሙሽራው ከአንድ ዋስ ጋር ሆኖ ጋብቻውን የሚከለክል ነገር እንደሌለ በ150 ዶላር ለቨርጂኒያ አገረ ገዢ ግዴታ የገባበት ወረቀት ነው። የሙሽሪት ስም ከነአባቷ ቤት ስም አለ፤ ዋሱም ያንኑ ስም ይዟል። ከሁሉ ልቤን የመታው ግን ይህ ስም በ1809ኙ ውል በምሥራቅ በኩል ያለው አዋሳኝ ስም መሆኑ ነው! ጎረቤታሞች ተጋብተው ኖሯል። አማቴ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው «ልጄ፣ ይኸውና» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ቢሆንም ይህ ሰነድ ጋብቻ መታሰቡን እንጂ መፈጸሙን አያረጋግጥም፤ ዋሱም አባቷ ይሁን ወንድሟ አይናገርም። የሚለየው የአዋሳኙ ኑዛዜ ከተገኘ ነው፤ እሱን የምንፈልገው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እስከዚያው አማቴ የአባቷን ቤት ስም በደብተሩ ክፍት ቦታ ላይ በእርሳስ ጽፈውታል።