ለሚያከብሩትም ለማያከብሩትም

ውድ ወዳጆቼና ተከታታዮቼ፣ እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሳችሁ።

በየዓመቱ በዚህ ቀን የምጽፍላችሁ መልእክት «ልዩነታችን የላይ ላይ ነው፤ ውስጣችን አንድ ነው» በሚል ዐረፍተ ነገር ይቋጭ ነበር። ዘንድሮ ትቼዋለሁ፤ ምክንያቴንም ልንገራችሁ።

በማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪነቴ መጀመሪያ ላይ የወጣቶችን ማንነት የማጠናው በመጠይቅ ነበር። «የየትኛው ማኅበረሰብ አባል ነዎት?» ለሚለው ጥያቄ የተተወው የመልስ ቦታ አንዲት ጠባብ ሣጥን ነበረች። እናትና አባቷ ከተለያዩ ማኅበረሰቦች የሆኑ አንዲት ተማሪ ጻፈች፣ በላጲስ አጠፋች፣ ሌላ ጻፈች፣ ያንንም ስታጠፋ ወረቀቱ ተቀደደ። ቀና ብላ «የቱን ብጽፍ ይሻልዎታል?» አለችኝ። «ለአንቺ የሚቀርብሽን» ብያት አለፍኩ፤ ዛሬም ድረስ ያሳፍረኛል።

«የማንነት ቀውስ» የሚለውን አነጋገር ያስለመደን የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን ራሱ በልጅነቱ በአይሁድ እኩዮቹ ዘንድ የሰሜን አውሮፓ ሰው በመምሰሉ፣ በትምህርት ቤት ደግሞ በአይሁድነቱ ይሾፍበት ነበር፤ ኤሪክሰን የሚለውን ስምም ይዞ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1939 አሜሪካዊ ዜግነት ሲያገኝ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ዣን ፊኒም እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው ጥናት ሳይመረመር የተወረሰ ማንነት ተፈትሾ ከተያዘ ማንነት እንደሚለይ፣ በሁለቱ መካከልም የፍለጋ ጊዜ እንዳለ አሳይታለች። ያቺ ተማሪ በፍለጋ ላይ ነበረች፤ እኔ ግን አጣደፍኳት። አሁን በመጠይቄ ላይ ሣጥኗ የለችም፤ በቦታዋ ባዶ መስመሮች አሉ፤ ለትንተና አስቸጋሪ መሆናቸውን አልክድም።

ወደ በዓል መልእክቴ ልመለስ። ሚልተን ቤኔት የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ሰዎች የባህል ልዩነትን የሚያዩበት መንገድ እንዴት እንደሚያድግ ለማሳየት ባቀረበው ባለ ስድስት ደረጃ ሞዴል ሦስተኛው ደረጃ ልዩነትን ማሳነስ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ቅን ነው፣ አይጠላም፣ ሁሉን ያቅፋል፤ ነገር ግን ሌላውን «እንደ እኛው ነው» የሚለው በራሱ ልክ ሰፍቶ ነው። የባህላት ትምህርት አስተማሪ ሆኜ ይህንን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ከርሜ፣ የራሴ የበዓል መልእክት እዚያው ሦስተኛው ደረጃ ላይ መቆሙን ያየሁት እጅግ ዘግይቼ ነው።

ስለዚህ በዓሉ የእናንተ የሆነ ሁሉ፣ በድጋሚ እንኳን አደረሳችሁ። በዓላችሁ ሳይሆን ቀርቶ ዛሬም እንደ ወትሮው በሥራ ገበታችሁ ላይ ላላችሁ ወዳጆቼ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፤ የእናንተ ቀን ሲደርስ አስታውሱኝ፣ መልካም ምኞቴን ከመላኬ በፊት ቀኑ ለእናንተ ምን እንደሆነ እጠይቃችኋለሁ።